የወንበር ጎረቤት

መነን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የገባች ሰሞን እናቷ ሸዋአየሁ ከሁሉ አስቀድማ ያጣራችው የመምህራኑን ጥሩነት ወይም የመጻሕፍቱን ብዛት አልነበረም። ያጣራችው፣ ዓመቱ መጨረሻ ላይ በሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ከልጇ ፊትና ኋላ ማን እንደሚቀመጥ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ተፈታኝ የሚደረደረው በስሙ ተራ፣ ያውም በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ስለሆነ፣ የስም ዝርዝሩን ያየ ሰው ማን የማን ጎረቤት እንደሚሆን ከስምንት ወር በፊት ቁጭ ብሎ መናገር ይችላል። ቂርቆስ ውስጥ ልጅ ያስፈተነ ወላጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ልጁ ከጎበዝ አጠገብ የወደቀችለት ስም አውጪውን ያመሰግናል፤ ሰነፍ መሀል የወደቀችበት ደግሞ ምነው ሌላ ስም ባወጣሁላት ይላል።

መነን ዕድለኛ ነበረች። ከኋላዋ የምትመጣው መርሃዊት ካሕሳይ ነበረች፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኝነቱን ለማንም አስነክታ የማታውቅ ልጅ። በሁለቱ መሀል መንገሻ የሚባል አንድ ልጅ ነበር። እሱም መስከረም ላይ አባቱ ወደ ጅማ ሲዛወሩ አብሮ ሄደ። ሸዋአየሁ ይህን የሰማች ዕለት፣ አንድ ቤተሰብ ከነዕቃው ከሰፈሩ መነቀሉን ረስታ «ተመስገን!» አለች።

ሰው በክፉ አይያት። ሸዋአየሁ መስቀል ፍላወር አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እጇ በሳሙናና በበረኪና ብዛት ተላልጧል። አለቃዋ በመጣ በሄደ ቁጥር «ልጅሽ ትምህርቷን ስትጨርስ አምጫት፣ ቦታ አለን» ይላታል። ሰውየው በደግነት ነው የሚለው፤ እሷ ግን ያንን ቦታ በቅዠቷ ሁሉ ታየዋለች። ለልጇ የምትመኘው ሌላ ማናቸውንም ቦታ ነበር፣ ወደዚያ ለመድረስ ደግሞ ያለው በር ፈተናው ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥቅምት ውስጥ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ኪሎ ስኳር በፌስታል ይዛ፣ መነንን አስከትላ ወደ እነመርሃዊት ቤት ሄደች። ቤቱ ከእነሱ ሁለት ቅያስ ነው የሚርቀው። አባትየው ጋሽ ካሕሳይ ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራሉ። ቤታቸው ውስጥ ትግርኛና አማርኛ እየተፈራረቀ ይነገራል፤ እንግሊዝኛውን ልጅቱ በራሷ ጊዜ ጨምራበታለች።

«መርሃዊትዬ፣ መቼም አንቺ ልጄ ነሽ» ብላ ጀመረች ሸዋአየሁ። «ይቺ እህትሽ በሌላው ሌላው ደህና ናት። እንግሊዝኛ ላይ ግን ምንም የለችም። ያቺን ረጅሟን ጽሑፍ አንብባችሁ መልሱ የምትባለውን ስታይ ራሷን ያማታል። አንቺ ደግሞ ከኋላዋ ነሽ። በቃ፣ ፊደሏን ብቻ ሹክ ብትያት ምን ይጎድልብሻል?»

መነን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እናቷ «ምንም የለችም» የሚለውን ነገር በዚያው ሳምንት ለባለሱቁም፣ ለነፍስ አባታቸውም፣ ለላውንደሪ ጓደኞቿም ተናግራዋለች። ክፋት የለበትም፤ ሸዋአየሁ ዕርዳታ የምትለምነው እንዲህ ነው፣ ችግሩን አጉልታ። መነን ግን በየደጃፉ ቆማ ስትሰማው ከርማ እሷም አምናበት ነበር።

መርሃዊት አልተሽኮረመመችም። «እትዬ ሸዋአየሁ፣ ከተያዝን ሁለታችንም ነን የምንሰረዘው። ሹክ ማለቱን አልችልም» አለች። ትንሽ አሰበችና «ማንበብ ግን አስተምራታለሁ፣ ከፈለገች» ብላ ጨመረች።

ሸዋአየሁን ስኳሩን መልሳ ማንሳት ያማራት መሰለ። ቢሆንም አመስግና ወጣች። መንገድ ላይ ለመነን «ግድ የለሽም፣ አሁን ነው እንዲህ የምትለው። የዚያን ቀን ሲደርስ አንጀቷ አይችልም» አለቻት።

ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከክፍል መልስ በቂርቆስ ቤተክርስቲያን ግቢ ሆነ። የፈተና ሰሞን የሰፈሩ ተማሪ ግማሹ እዚያ ነው፤ ከዛፍ ሥር፣ ከደረጃው ላይ፣ ከአጥሩ ጥግ እየተቀመጠ ያጠናል፣ ስለት ይሳላል፣ ይተኛል። ሁለቱ ልጆች አንድ የድንጋይ ደረጃ ያዙ። የሚለማመዱበትን ወርክሺት መርሃዊት ካዛንቺስ ካለ ኮፒ ቤት አመጣችው። ከየትምህርት ቤቱ የተለቃቀመ፣ ከኮፒ ላይ የተነሣ ኮፒ ነበር፤ የአንዳንዱ ገጽ ጠርዝ ተቆርጦ የመስመሩን መጨረሻ በግምት ነው የሚያነቡት።

ክፍል ውስጥ አስተማሪያቸው የሚያስተምሩት ዘዴ ሌላ ነበር። ምንባቡን አታንብቡ፣ ጊዜ ይበላል፤ ጥያቄውን እዩ፣ ጥያቄው ላይ ያለችውን ቃል ምንባቡ ውስጥ ፈልጉ፣ ያገኛችሁበትን መስመር የሚመስለውን ምርጫ አጥቁሩ። ዘዴው አይናቅም፣ ብዙ ሰው አሳልፏል። መርሃዊት ግን በመጀመሪያው ቀን ከለከለቻት።

«ሙሉውን አንብቢ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጪውና በአማርኛ ወሬ አድርገሽ ንገሪኝ።»

በወሬማ መነንን የሚስተካከል በሰፈሩ አልነበረም። የመጀመሪያው ምንባብ ስለ አንዲት የለንደን ሴትዮ ነበር፤ ባሏ ሞቶባት አንዱን ክፍል ለተማሪ ያከራየች። መነን ወረቀቱን ገለበጠችና ጀመረች።

«ሴትየዋ ባሏ ሞተ። ቤቱ ጭር አለባት፤ ተማሪውን አከራየችው። በእርግጥ ኪራዩን ፈልጋ አይደለም፣ ለሴት ልጇ ባልነት አስባው ነው።»

«ልጅ አላት ተብሏል?»

«አልተባለም፤ ግን ሳይኖራትማ ራቱን እየሠራች አትጠብቀውም!»

«መስመሩን አሳዪኝ።»

መነን ወረቀቱን አገላብጣ ፈለገች። ልጅ የለም። ዳቦና ሾርባ ብቻ ነው ያለው። ከአሥሩ ጥያቄ ያገኘችው ሦስት ነበር፣ የተቀሩትን ሰባቱን ከሌለችው ሙሽራ ጋር አብራ ዳረቻቸው።

እንዲህ እያሉ ገፉ። ስለ እንቅልፍ አነበቡ፣ ስለ ንብ አነበቡ፣ ስለ መጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች አነበቡ። መነን ወሬዋን ከጽሑፉ ለመለየት ሁለት ወር ፈጀባት። ሰውየው ደግ ይሁን ክፉ እሷ አይደለችም የምትፈርደው፤ ጽሑፉ ዝም ያለበት ቦታ እሷም ዝም ማለት አለባት። ይህ ለእሷ ከእንግሊዝኛው ቃላት ይልቅ የከበደ ነበር፣ ዝም ማለት ልማዷ አይደለማ።

መርሃዊት የምታስተምርበት አንድ ልማድ ነበራት። መነን መልስ ስታጠቁር እሷ አንድ ደረጃ ከፍ ብላ ከኋላዋ ትቀመጥና በትከሻዋ በኩል ታያለች። መልሱ ስህተት ከሆነ በእርሳሷ ጀርባ ትከሻዋን ነካ ታደርጋታለች። መነን ታጠፋና እንደገና ታስባለች። ትክክል ከሆነ መርሃዊት ምንም አትልም። ምንም! ልጅቱ ምስጋና ከአፏ የሚወጣላት ዓይነት አልነበረችም፤ ቤታቸውም አንደኛ ስትወጣ «እሺ» ነው የሚባለው። መነን ይህን ቶሎ ለመደችው። እርሳሷ ከነካቻት ተሳስታለች፣ ካልነካቻት በሰላም አለች።

ጥር ላይ ከአሥር ስድስት አገኘች። ከሁዳዴ ጾም መግቢያ በኋላ ሰባትና ስምንት። ፋሲካ ካለፈ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ምንባብ ዘጠኝ ዘጠኝ አመጣች፤ አራተኛውን ደግሞ አሥር ከአሥር። መርሃዊት ወረቀቱን አየችና «ነገ ስለ ባሕር የሚለውን እናያለን» ብላ ቦርሳዋን አነሣች። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ «ጎበዝ» ብላት ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ የምንነጋገርበት ምክንያት አይኖርም ነበር። መነን አሥር ከአሥር ስታመጣ የደረሰችበት መደምደሚያ፣ መርሃዊት ጎበዝ አስተማሪ ናት የሚል ነው። እኔ አውቄዋለሁ የሚለው በጎኗም አላለፈም።

የፈተናው ጠዋት፣ ግንቦት ማለቂያ ላይ፣ ሸዋአየሁ ጸበል አስጠምቃ፣ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሸኘቻት። መርሃዊትን ስታይ ሁለት ጊዜ ጉንጯን ሳመቻትና በዓይኗ ብቻ ለመነቻት። ፍተሻው አለፈ። ወንበሮቹ ላይ ቁጥር ተለጥፏል። መነን ሦስተኛው ላይ፣ መርሃዊት አራተኛው ላይ ተቀመጡ፤ የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል የሚለየው የፈተናው ኮድ ወደ ጎን ቢለያይም ወደ ኋላ አንድ ነበር። የመጀመሪያው ፈተና እንግሊዝኛ ነው።

መነን ሰዋስውን እንደሆነላት ሠራችና ወደ ምንባቦቹ ገባች። እዚያ ስትደርስ አንድ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ፤ ደስ አላት። በተለይ የመጨረሻው ምንባብ። በአንድ ቀዝቃዛ አገር ወንዝ ላይ የእንጨት ድልድይ ነበረ፣ ድልድዩን የሚጠብቅ ሰውዬም ነበረ። ከታች በኩል ትልቅ የብረት ድልድይ ተሠራና መንገደኛው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ሰውዬው ግን በየማለዳው እየመጣ አሮጌው ድልድይ ጫፍ ላይ መቀመጡን አልተወም። ለምን ሳይሄድ ቀረ? ይላል ጥያቄው። ፈርቶ? ደመወዝ ጠብቆ? አዲሱን ጠልቶ? ወይስ ሂድ ያለው ስላልነበረ? መነን የመጨረሻውን አጠቆረች። መስመሩ ከላይ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቁጭ ብሏል። ስድስቱንም ጥያቄ ጨረሰችና ሰዓቷን አየች፤ ሩብ ሰዓት ይቀራል። በሕይወቷ ፈተና ከሰዓት ቀድማ ጨርሳ አታውቅም።

ያን ጊዜ ትከሻዋን የእርሳስ ጀርባ ነካት።

ቀስ ብሎ፣ አንድ ጊዜ። ፈታኙ መስኮቱ ጋ ነበር። ተሳስታለች ማለት ነው። እንግዲህ መርሃዊት አንጀቷ አልችል ብሏል፣ እናቷ እንዳለችው። ከኋላ ሆና አይታ፣ ስህተቱን አይታ፣ ራሷን አደጋ ላይ ጥላ እየነገረቻት ነው። መነን በልቧ አመስግና፣ እንድታይላት ወረቀቱን ወደ ጎን ሳብ አደረገችና የመጨረሻዋን መልስ አጥፍታ ሌላ አጠቆረች። እርሳሷ እንደገና ነካቻት። ከእሱ በላይ ያለውን አጠፋች። ደግሞ ነካቻት፣ አሁን ጠንከር ብሎ። ድልድዩ ላይ ያለው ሰውዬ ጋ ደረሰች። መስመሩን አይታዋለች፣ በጣቷም ልታሳየው ትችላለች። ግን መርሃዊት አይደለም ካለች አይደለም። «ሂድ ያለው ስላልነበረ» የሚለውን አጥፍታ «ፈርቶ» የሚለውን አጠቆረች። እርሳሷ ነካቻት። «ደመወዝ ጠብቆ» አደረገችው። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ከስድስቱ አንዱም የመጀመሪያ መልሱን ይዞ አልቀረም።

ከበሩ ውጪ ተማሪው እየተንጫጫ በየቡድኑ ቆሟል። መነን መርሃዊትን ስታገኛት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«መርሃዊትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ብትያዢስ ኖሮ? እኔ እኮ ሁሉንም ተሳስቼ ነበር!»

የመርሃዊት ፊት አመድ መሰለ።

«ምኑን?»

«የመጨረሻውን ነዋ። ባትነኪኝ ኖሮ በቃ ጉድ ሆኜ ነበር።»

«መነን» አለች መርሃዊት። «እኔ የመጨረሻውን ምንባብ አላነበብኩትም። ሰዓት አለቀብኝ። ሁለተኛው ላይ አንዱ ጥያቄ ሁለት መልስ ያለው መሰለኝና እሱን ስመላለስበት... በቃ አለቀብኝ። ካንቺ እየገለበጥኩ ነበር።»

«አልገባኝም።»

«የነካሁሽ ትከሻሽን ዞር አድርጊልኝ ለማለት ነው። አንቺ ደግሞ ማጥፋት ጀመርሽ። አታጥፊ ለማለት ነካሁሽ፣ ባሰብሽ። ለምን እንደምታጠፊ ግራ ገባኝ። ያጠቆርሽውን እየተከተልኩ አጠቆርኩ።»

መነን ወዲያው አልተናደደችም። መጀመሪያ የተሰማት፣ ለመናገር ያሳፍራል እንጂ፣ ኩራት ነበር። መርሃዊት ካሕሳይ ከእሷ ኮረጀች! ይህን ለማን ቢነግሩት ያምናል? ንዴቱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ሲመጣ ግን አጥሩን ተደግፋ ተቀመጠች።

መርሃዊትም ከአጠገቧ ተቀመጠች። «ምን ይላል ምንባቡ?» አለች በለሆሳስ።

መነን ነገረቻት። ስለ ወንዙ፣ ስለ አሮጌው ድልድይ፣ ስለ ብረቱ ድልድይ። አንዲት ቃል ከራሷ አልጨመረችም። ስድስቱንም ጥያቄ ከነምርጫቸው አስታወሰች፣ መርሃዊትም ከሰማችው እየተነሣች አንድ በአንድ መለሰች። ስድስቱም መነን አስቀድማ አጥቁራ ያጠፋቻቸው ነበሩ። ከዚያ የሒሳብ ፈተና ደወል ተደወለ፤ ተነሥተው ገቡ። በቀሩት ቀናት ማንም ማንንም አልነካም።

ውጤቱ ነሐሴ ላይ መጣ። መርሃዊት ስድስት ጥያቄ ብትጥልም የሚተርፍ ነበራት፤ ጎንደር ሕክምና ደረሳት። መነን ለመግቢያ ከተቆረጠው ነጥብ አራት ጎደላት። አራት! ሠላሳ ጎድሏት ቢሆን አልቅሳ ይወጣላት ነበር። እሷ ግን አራቱን ነጥብ በስም ታውቃቸዋለች፤ በየትኛው መስመር ላይ እንደተቀመጡም ታውቃለች። ሸዋአየሁ ሦስት ቀን አኮረፈች፤ በአራተኛው ቀን አለቃዋን ልታነጋግር ወሰነች።

መርሃዊት በምትሄድበት ሰሞን ልትሰናበት መጣች። ሸዋአየሁ እግሯ ሥር ልትወድቅ ምንም አልቀራትም።

«ሂጂ ልጄ፣ ይቅናሽ! አንቺማ የቻልሽውን አድርገሻል። ይቺ ያለ አንቺ ይቺንም ነጥብ አታያትም ነበር። ዕድሏ ነው።»

«እትዬ ሸዋአየሁ» አለች መርሃዊት። ተቀምጣ ነበር፣ ተነሣች። «እኔ ነኝ የጣልኳት። እኔ ከእሷ ልኮርጅ ብዬ ነው ያሳሳትኳት።»

ሸዋአየሁ ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እስክትጠርግ ድረስ። «አይ መርሃዊት! እንዳይከፋት ብለሽ? ምን ዓይነት ልጅ ናት በእናታችሁ! እንኳን ይቺን እኔን ታጽናናለች እኮ።»

«እውነቷን ነው እማዬ» አለች መነን። «ከእኔ ነው የገለበጠችው።»

ሸዋአየሁ ወደ አንዷ አየች፣ ወደ ሌላዋ አየች። ሁለቱም አልሳቁም። ሳቋ ፊቷ ላይ ቀርቶ ቀስ እያለ ጠፋ። መርሃዊት የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት፤ የቤተክርስቲያኑን ደረጃ፣ እርሳሱን፣ ሩቡን ሰዓት። ስትጨርስ እያለቀሰች ነበር። ሸዋአየሁ አላባበለቻትም፣ አልተቆጣቻትምም። የተላላጠ እጇን አሻሸች።

«ታዲያ መልሱን ታውቂው ነበር ማለት ነው?» አለቻት ልጇን።

«አውቀው ነበር።»

«እርግጠኛ ነበርሽ?»

«መስመሩን ሁሉ አይቼዋለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ታዲያ እያወቅሽው ለምን አጠፋሽው?»

«እኔ እንግሊዝኛ ላይ ምንም የለሁም ብዬ ነዋ» አለች መነን።

እናቷ ይህን ከማን ሰማሽ ብላ እንድትጠይቃት ጠበቀች። ሸዋአየሁ ግን አልጠየቀችም።